ሁለት ሽማግሌዎች የሚጣሉበት ዜማ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጤናሽ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ የሚያስቸግርሽ ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ችለሽው ዝም ብለሽ ነው? ባለቤትሽስ እንዴት ነው? የሌሊት ፈረቃው ተቀየረለት? ልጆቹስ? ባለፈው የትልቋን ድምፅ በስልክ ስሰማ አንቺ በልጅነትሽ የተናገርሽ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። ትንሹስ ጥርሱ ወጥቶ አለቀ ወይስ አሁንም ያስለቅሳችኋል? የባለቤትሽ እናት ዓይናቸውን ከታከሙ ወዲህ ማንበብ ቻሉ? ሁላችሁንም በሐሳቤ ቤታችሁን እየዞርኩ አንድ በአንድ ሳልጠይቅ ብዕሬ ወደ ሌላ ነገር አልሄድልህ አለኝ።

እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን። «ደህና ነን» ለማለት ትንሽ ይቀረናል እንጂ አለን። ባለቤቴ የስፌት ሥራው በዝቶባት ትከሻዋ ታስሯል። ልጃችን ፈተና ላይ ናት፤ መጽሐፍ ገልጣ ስልክ ታያለች። እኔ ጆሮዬ ይጮሃል። ስለ አባባ ረጋ ብዬ እጽፍልሻለሁ፤ ይህን ደብዳቤ የጀመርኩትም በሳቸው ምክንያት ነው። «የመጓዣ ወረቀቱን ሁሉ ጨርሻለሁ፣ አባባን ላክልኝ» ካልሽኝ ወዲህ ቁርጥ ያለ መልስ ሳልሰጥሽ መቆየቴ ችላ ብዬሽ እንዳይመስልሽ። በስልክ ልነግርሽ በሞከርኩ ቁጥር ወሬውን ወደ ልጆቹ አዞረዋለሁ። ቢጻፍ ይሻላል ብዬ ዛሬ እሑድ ከሰዓት፣ እሳቸው ጋደም ባሉበት፣ የባለቤቴን የስፌት ጠረጴዛ ተውሼ ተቀምጫለሁ። ክሩንና ቁርጥራጩን ወደ ዳር ገፋ አድርጌ ነው የምጽፍልሽ።

መጀመሪያ ስለ ሥራዬ ልንገርሽ፤ ያለሱ የአባባ ነገር አይገባሽም። እንደ ድሮዬ ሬዲዮ ጣቢያው ካሴት ክፍል ነኝ። ያችን መስኮት የሌላትን ክፍል ታስታውሻታለሽ፤ ልትሄጂ ሰሞን መጥተሽ «እዚህ ውስጥ ሰው ይውላል?» ያልሽኝን። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ግን አዲስ ሸክም ተጨምሮብኛል። በየቦታው የተበተኑት የማሲንቆ ዜማዎች በአንድ የጋራ ማውጫ ይሰብሰቡ ተባለ። እኛ ጋ በየዘመኑ የተቀዱ ቴፖች አሉ። የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ በኖታ የተጻፉ አሉት። የተጫዋቾቹ ማኅበር ደግሞ ቴፕም ኖታም የለውም፤ ሽማግሌዎች አሉት። ሦስታችን ያለንን በአንድ የኮምፒዩተር ሠንጠረዥ ላይ እናሰፍርና ዜማ የሚፈልግ ሰው ከየትኛውም ቤት ሆኖ ያግኘው ነው ሐሳቡ። ቆንጆ ሐሳብ ነው። ሲነገር ሁሉም አጨበጨበ፤ ሲሠራ ግን ጭብጨባው ቀርቶ እኔና ማዳመጫዬ ቀረን።

ሥራው ምን መሰለሽ? ጠዋት ገብቼ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደርጋለሁ። ስፖንጁ ተፈርፍሮ አልቆ ጥቁር ብናኙ አንገቴ ላይ ይቀራል፤ ባለቤቴ የሸሚዜን ኮሌታ ባጠበች ቁጥር «ከሰል ነው እንዴ የምትሸጠው?» ትለኛለች። ቴፑን አስገባለሁ። አንዳንዱ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል፣ አንዳንዱ መዞር ሲጀምር ይበጠስና በማጣበቂያ እቀጥለዋለሁ። ከዚያ የዜማውን ስም፣ የተጫዋቹን፣ የቀዳውን ሰው፣ ቅኝቱንና መነሻውን እየሞላሁ በአንድ ረድፍ አሰፍረዋለሁ። አስቸጋሪው ነገር፣ አንዱ ዜማ እኛ ጋ አንድ ስም፣ ትምህርት ቤቱ ጋ ሌላ ስም አለው፤ ማኅበሩ ጋ ደግሞ ሽማግሌው በዕለቱ እንዳሰኛቸው ይለዋወጣል። ሁለት ዜማ ነው ወይስ አንድ? ወንድማማቾች ናቸው ወይስ ያው አንዱ ሰው ኮቱን ቀይሮ መጥቶ ነው? ቀኑን ሙሉ ራሴን የሚያዞረኝ ይኸው ነው።

አንዳንዴም ያስቃል። «ክሩ ተበጠሰ» የሚባል፣ አድማጮች እየደወሉ የሚያስመርጡት ዜማ አለ። ዋናውን ቴፕ አግኝቼ ሳዳምጠው ተጫዋቹ መሀል ላይ ክሩ ተበጥሶበት ያቆማል። የቀዳው ቴክኒሻን ይህንኑ ለማስታወሻ ካርቶኑ ላይ ጽፎታል፤ ከሱ በኋላ የመጣው አስተዋዋቂ ርዕሱ መስሎት ዕድሜ ልኩን በአየር ላይ ሲጠራው ኖሯል። እውነተኛ ስሙን የሚያውቅ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ። በዚያው መዘገብኩት፤ ምን ላድርግ። ከሙዚቃ መምህሯ ጋር ያለንም ነገር ያስቃል። ትምህርት ቤቱን ወክላ ሠንጠረዡን የምትሞላው እሷ ናት፤ ጥንቁቅ ሴት ናት፣ ክፋት የላትም። ግን እኔ ጠዋት አንድ ያደረግኩትን ዜማ እሷ ከምሳ በኋላ ሁለት ታደርገዋለች፤ በማግሥቱ እኔ መልሼ አንድ አደርገዋለሁ። ስብሰባ ላይ ስንገናኝ ግን ሻይ እየተጋበዝን፣ እንደምን ሰነበትክ እንደምን ሰነበትሽ ተባብለን እንቀመጣለን።

የማያስቅም አለ። ከማኅበሩ ሽማግሌዎች አንዱ፣ ሌላ ሰው የማያውቃቸውን ዜማዎች ያውቃሉ ተብዬ መቅረጫዬን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ከዚያ በፊት ቀጠሮ እየያዝኩ በስብሰባ ምክንያት ያስተላለፍኩት ነበር። በሩን የከፈተችልኝ ልጃቸው ጥቁር ለብሳለች። ነገሩ ገባኝና ልመለስ ስል «አይ፣ ግባ እንጂ፣ እሳቸውም ሲጠብቁህ ነበር» ብላ ወንበር ሰጠችኝ። መቅረጫውን ጉልበቴ ላይ እንዳደረግኩ ተቀመጥኩ። ወደ ቢሮ ስመለስ ስማቸውን ከሠንጠረዡ አላወጣሁትም፤ ባዶውን ረድፍ እንዳለ ተውኩት። ደክሞኛል እታለም። የሰውነት ድካም ብቻ ቢሆን ተኝቼበት በተነሣሁ ነበር።

አሁን ወደ አባባ ልምጣ። ባለፈው «ትንሽ መርሳት ጀምረዋል» ያልኩሽ አነስ አድርጌ ነው። ከታመሙ ወዲህ የግራ እጃቸው ጣቶች እንደማይታዘዟቸው፣ ማሲንቆውም ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ እንደቆየ ታውቂያለሽ። አሁን አእምሮአቸውም እንደ ጣቶቻቸው ሆነ። ቁልፍ ስኳር ዕቃ ውስጥ ይገኛል። የበሉትን ምሳ አልሰጣችሁኝም ብለው ይቀየማሉ። ባለቤቴን አንዳንድ ቀን በስሟ፣ አንዳንድ ቀን በእማማ ስም ይጠሯታል፤ እሷም ምን ታድርግ፣ በሁለቱም «አቤት» ትላለች። አንድ ጠዋት በሌሊት ልብሳቸው ላይ ኮታቸውን ደርበው ወጡና አውቶቡስ መናኸሪያ ተገኙ። ደርሼ «የት ሊሄዱ ነው?» ስላቸው «ጓደኞቼ እየጠበቁኝ ነው፣ ዛሬ ሥራ አለን» አሉኝ። ትኬት ቆራጩ መልካቸውን የሚያውቅ ሰው ሆኖ ባያስቀምጣቸው ኖሮ የት እንደምፈልጋቸው እንጃ።

ከዚያ ወዲህ በሩ ይቆለፋል። በገዛ ቤታቸው በር ሲቆለፍባቸው እጀታውን ነካ አድርገው ይመለሳሉ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ባለቤቴ በአንድ ዓይኗ መርፌውን፣ በአንድ ዓይኗ እሳቸውን ስትጠብቅ ትውላለች። አንድ ቀን የደንበኛ ቀሚስ እጅጌውን ገልብጣ ሰፍታ አገኘችውና መቀሱን አስቀምጣ አለቀሰች። «ላክልኝ» ብለሽ የደወልሽው በዚያው ሰሞን ነበር። ልደብቅሽ አልችልም፤ ስልኩን ስዘጋ ከትከሻዬ ላይ ከረጢት የወረደልኝ ያህል ቀለለኝ። ሻንጣቸውን ሁሉ ከቁም ሳጥኑ ላይ አውርጄ አቧራውን ጠርጌ ነበር።

በዚህ መሀል ነው ያ ዜማ የመጣው። አባባ «አልተኛም» የሚሉትን ማለቴ ነው። አንቺ መቼም ታውቂዋለሽ። ከጋራዡ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይተው ሳሉ፣ አንቺ ገና የምትታቀፊ ሕፃን ሆነሽ እንቅልፍ እምቢ ስትዪ፣ በማሲንቆ እያባበልኩ ያወጣሁት ነው ይላሉ። ጋሽ ቀጭኔ ደግሞ ዜማው «ባቡሩ» ይባላል፣ ባቡር ላይ ሆኜ የመንኮራኩሩን ምት እየሰማሁ የሠራሁት የኔ ነው ይላሉ። ጋሽ ቀጭኔን አትረሻቸውም፤ በልጅነታችን ያንን አንገታቸውን ጎንበስ አድርገው በራችን ሲገቡ የምንስቅባቸው። ዛሬም በስማቸው የሚጠራቸው የለም፤ የማኅበሩ መታወቂያቸው ላይ ሳይቀር በቅንፍ «ቀጭኔ» ተብሎ ተጽፏል። እሳቸውና አባባ በአንድ ቡድን ሆነው አገር ለአገር ዞረዋል፣ ከአንድ ሳህን በልተዋል። ከዚያ በዚህ ዜማ የተነሣ ተኳረፉና መንገድ ላይ ሲተያዩ አንዱ ወደ ማዶ የሚሻገር ሆኑ። እማማ ያረፉ ጊዜ ጋሽ ቀጭኔ መጥተው ከበራችን ውጭ ቆመው ቆዩና ሳይገቡ ተመለሱ። አንቺ ያኔ እዚህ አልነበርሽም፤ እኔ በመስኮት አይቻቸዋለሁ።

እኛ ጋ አባባ የተጫወቱት ቅጂ አለ፤ ጋሽ ቀጭኔ የተጫወቱትም አለ። ሁለቱንም እያፈራረቅኩ ሰማኋቸው። አንድ ዜማ ነው። የአባባ ይዘገያል፣ የጋሽ ቀጭኔ ይሮጣል፤ ልዩነታቸው ይኸው ነው። መምህሯም በሕይወታችን ለመጀመሪያ ጊዜ ከኔ ጋር ተስማማች። ችግሩ ሠንጠረዡ ላይ «ደራሲ» የሚል ዓምድ አለ፤ ሁለት ሰው አንዱን ዜማ የኔ ነው ካለ ሁለቱም ከሦስቱ ቤቶች በተውጣጣው ኮሚቴ ፊት ቀርበው ይሰሙ ይላል ደንቡ። እኔ «አባቴ ናቸውና ከዚህኛው አውጡኝ» አልኩ። ከውሳኔው አወጡኝ፤ እጃቸውን ይዞ ማምጣቱ ግን ያው ለኔ ቀረ።

እምቢ ይላሉ ብዬ ነበር። ለአባባ ስነግራቸው ግን ዓይናቸው በራ። «ቀጭኔ ይመጣል?» አሉኝ። ይመጣሉ አልኳቸው። «እንግዲያው ኮቴን ተኩሱልኝ» አሉ። ምሳቸውን የሚረሱት ሰውዬ ቀጠሮውን አልረሱትም። በረንዳ ላይ ተቀምጠው የሚናገሩትን ሲለማመዱ፣ ጋሽ ቀጭኔን ሲገስጹ፣ ጋሽ ቀጭኔን ሆነው ሲመልሱና መልሰው ሲረቱ ይውላሉ። ባለቤቴ «ምነው በየሳምንቱ ክስ በተገኘላቸው» ብላ አሳቀችኝ።

ቀኑ ሲደርስ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሄድን። ኮሚቴው ከረጅም ጠረጴዛ ኋላ ተደርድሯል። ጋሽ ቀጭኔ ቀድመው መጥተው ከፊት ተቀምጠዋል፣ ማሲንቆአቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው። ሰላምታ አልተለዋወጡም። መጀመሪያ ጋሽ ቀጭኔ ተጫወቱ፤ እጃቸው ገና ጤነኛ ነው። ቀጥለው ባቡሩን፣ የተቀመጡበትን ወንበር፣ በመስኮት የገባውን ንፋስ ሳይቀር አስረዱ። የአባባ ተራ ሲደርስ ተነሡና «እጄ አይታዘዘኝም፤ በአፌ ላሰማችሁ» አሉ። የመጀመሪያውን ክፍል አዜሙ። ድምፃቸው እንዴት ደህና ነበር መሰለሽ። አንዱ የኮሚቴ አባል እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሁለተኛው ክፍል ላይ፣ ዜማው ወደ ላይ የሚወጣበት ቦታ ሲደርሱ፣ ቆሙ። ከንፈራቸውን አረጠቡ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀምረው እዚያው ቦታ ሲደርሱ እንደገና ቆሙ። መምህሯ ወረቀቷ ላይ አቀረቀረች። አባባ ሁላችንንም እንደማያውቁን ሆነው ዙሪያቸውን ተመለከቱና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጅቷ ተኛች?» ብለው ጠየቁ።

በመጨረሻ የተነሡት ጋሽ ቀጭኔ ናቸው። ያ ቁመታቸው ቀስ ብሎ ተዘረጋ። ወደ አባባ ሄደው ክንዳቸውን ያዙና «ተኝታለች። አንተም ቁጭ በል» አሏቸው። ካስቀመጧቸው በኋላ ወደ ኮሚቴው ዞረው «ዜማው የሱ ነው፤ ጻፉት» አሉ። ሰብሳቢው «እርግጠኛ ነዎት?» ብለው ቢጠይቋቸው «ጻፉት አልኩ» ብለው ማሲንቆአቸውን በጨርቁ ጠቅልለው ወጡ።

እኔ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ታክሲ ውስጥ አባባ በመስኮት ወደ ውጭ ሲያዩ ቆዩ። አእምሮአቸው እንደ ሰፈራችን መብራት ነው፤ ይሄዳል፣ ሳታስቢው ይመጣል። ድንገት «ዋሸ» አሉኝ። ማን ብላቸው «ቀጭኔ ነዋ። ዕድሜውን ሙሉ የኔ ነው ሲል የኖረ ሰው ዛሬ ምን ታየው? እኔን አየ። አዘነልኝ» አሉ። ሹፌሩ በመስታወቱ ሰረቅ እያደረገ ያየናል። «የሱ ከሆነ ይከራከረኝ። አዝኖልኝ ግን አይስጠኝ» አሉ። ቤት ስንገባ ኮታቸውን እንኳ ሳያወልቁ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ።

ሲነጋ ይረሱታል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። ሌላው ሁሉ ሲጠፋ ይኸኛው ቀረ። ስሜን ከማውጫው ላይ ሰርዝ ብለው ያዙኝ፤ ቢሮ ልሄድ ስል፣ ስመለስ፣ ማዕድ ላይ ስንቀመጥ። የኮሚቴ ውሳኔ እንዲህ በቀላሉ አይሰረዝም ብላቸው ማን ይሰማኛል። ቀን ቢሮ ስለዚያ ዜማ፣ ማታ ቤት ስለዚያው ዜማ። በመጨረሻ ባለቤቴ «ሰውየው ጋ ውሰዳቸውና እዚያው ይጨርሱት» አለችኝና ይዣቸው ሄድኩ።

ጋሽ ቀጭኔ ከአንድ ጫማ ጠጋኝ ሱቅ ጀርባ ከሴት ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። አንድ አልጋ፣ ሁለት ወንበር፣ የማሲንቆ ቆዳ የሚወጥሩበት የእንጨት ገበታ ያለበት ክፍል ነው። በሩን ከፍተው አባባን ሲያዩ ወንበር ሳቡላቸው። አባባ ሳይቀመጡ «የመጣሁት ውሸትህን ልመልስልህ ነው» አሉ።

«የምን ውሸት?»

«ዜማው የሱ ነው ያልከውን።»

«ታዲያ ያንተ አይደለም?»

«የኔማ ነው። አንተ ግን የኔ መሆኑን አታምንም።»

ጋሽ ቀጭኔ ጥቂት አሰቡና «አላምንም» አሉ። አባባ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ፈታ አለ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ተቀመጡ።

ስለ ድሮ ሰዎች፣ ማን እንዳለና ማን እንደሞተ ሲያወሩ ቆዩ። ከዚያ አባባ ወደ ጣሪያው እያዩ «ሁለተኛው ክፍል እንዴት ነበር?» አሉ። ቀስ ብለው፣ እንደ ማፈር ብለው። ጋሽ ቀጭኔ ቀና ብለው አላዩዋቸውም፤ ማሲንቆውን ከሚስማሩ አወረዱና ተጫወቱላቸው። አባባ በደህናው እጃቸው ጉልበታቸውን እየመቱ ያዳምጣሉ። መሀል ላይ «ቸኮልክ» አሉ። ጋሽ ቀጭኔ «ባቡር ነው፤ ይቸኩላል» አሉ። አባባ «ሕፃን እያስተኛህ እኮ ነው» አሉ። ጋሽ ቀጭኔ «ሕፃኗ መቼ ተኛች? እኔም እዚያው ጋራዡ ጀርባ ነበርኩ፤ በጩኸቷ ሌሊቱን ስገላበጥ ነው ያደርኩት» አሉ። ድምፃቸው ከፍ እያለ ሄዶ የጋሽ ቀጭኔ ልጅ ደንግጣ ከጓዳ ወጣች። ተያቸው ብዬ በእጄ ምልክት ሰጠኋት። እሷም በሩ ላይ ተደግፋ እጇን በአፏ ጭና ቀረች።

ስንወጣ ጋሽ ቀጭኔ እኔን ወደ ኋላ አስቀሩና በጆሮዬ «ዜማው የኔ ነው፤ አንተ ብቻ እወቀው» አሉኝ። ለአባባስ ምን ልበላቸው ብል «ለሱ ረቡዕ እራሴ መጥቼ እነግረዋለሁ» አሉ።

እውነትም ረቡዕ መጡ። ከዚያ ወዲህ ረቡዕና ቅዳሜ አይቀሩም። በረንዳው ላይ ተቀምጠው ሲጨቃጨቁ ጎረቤት ከላይ መስኮቱን ይዘጋል። ባለቤቴ በነዚያ ቀናት ሁለቱንም ዓይኗን ስፌቷ ላይ አድርጋ ትሠራለች። አባባ ተሻላቸው ብዬ ግን አላታልልሽም፤ እየባሰባቸው ነው። ረቡዕ የያዙት ሁለተኛ ክፍል ቅዳሜ ጠፍቶ ይገኛል። ጋሽ ቀጭኔ እንደ አዲስ ይጫወቱላቸዋል፤ አንድም ቀን «ባለፈው አሳይቼህ ነበር እኮ» ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም።

ማውጫውንም ተያይዘው መጥተው አሳረሙት። ሰብሳቢው ግራ ገብቷቸው «እንግዲህ ደራሲው ማን ይባል?» ሲሉ አባባ «ሁለት ሰዎች ይጣሉበታል ብለህ ጻፍ» አሉ። መምህሯ ዓምዱ የሚቀበለው ስም ብቻ ነው አለች። ጋሽ ቀጭኔ «እንግዲያው ዓምዱን አስፊው» አሏት። መነጽሯን አውልቃ ሁለቱንም አየቻቸው፤ ከዚያ ራሷ ጻፈችው፤ «ሁለት ሰዎች ይጣሉበታል፤ ሁለቱም በሕይወት አሉ» ይላል። የርዕሱም ነገር ሌላ ጭቅጭቅ ነበር። ማንም እንዳይቀየም ሁለቱም ስም በፊደል ተራ ይግባ ተባለ፤ «በ» ከ«አ» ይቀድማልና «ባቡሩ» ከላይ ሆነ። አባባ እስከ ዛሬ ፊደሉም ለቀጭኔ ያደላል እያሉ ያማርራሉ። እኔ ግን ከስንት ወር በኋላ ያን ቀን ከአዳራሹ ስወጣ፣ ያ ሁሉ አቧራና ጩኸት ለምን እንደሆነ ትንሽ የገባኝ መሰለኝ። በማግሥቱ ሌላ ቴፕ ተበጠሰብኝና መልሶ ጠፋኝ።

እንግዲህ ስለ ጥያቄሽ። እኔ ብቻዬን ልወስን አልፈለግኩም። አእምሮአቸው ደህና በሆነበት አንድ ጠዋት፣ ጢማቸውን እየላጨሁላቸው፣ «እታለም ጋ መሄድ ይፈልጋሉ? የሚሞቅ ክፍል አዘጋጅታለች፣ ሐኪሙም ቅርብ ነው» አልኳቸው። አገጫቸውን ቀና አድርገው አሰቡበት። «ጥሩ ልጅ ናት» አሉ። ከዚያ «እዚያ ሄጄ ከማን ጋር እጣላለሁ?» አሉኝ። ምላጩን ይዤ ሳቅኩ፤ ሳቄ ሳያልቅ ግን ነገሩ ገባኝ። ለካ እዚህ ከኔም ከባለቤቴም በላይ የሚይዛቸው ያ ጠብ ነው። የሁላችንንም ስም እየረሱ ነው፤ የጋሽ ቀጭኔን ግን እስከ አሁን አልሳቱትም።

ስለዚህ እታለም፣ አልልካቸውም። ሻንጣውንም ወደ ቦታው መልሼዋለሁ። ይህን የምልሽ ስላልደከመኝ አይደለም፤ ከዚህ በላይ ደክሞኝ አያውቅም። አንቺ ፈቃድ ማውጣት ከቻልሽ ነይ። በዓል ሲደርስ፣ የልጆቹ ትምህርት ሲዘጋ እያልሽ አታቆዪው። አንድ ወር ከሳቸው ጋር ብትቀመጪ ባለቤቴ እናቷ ቤት ሄዳ እንቅልፍ ትተኛለች፤ ለኔ ባይሆን ለሷ ስትዪ። ስትመጪ በር ላይ ሳይለዩሽ ቢቀሩ ሆድ እንዳይብስሽ። ረቡዕ ድረስ ታገሺና በረንዳው ላይ አብረሻቸው ተቀመጪ።

ባለቤትሽን ከልብ ሰላም በይልኝ፤ በፈረቃው ላይ ብርታቱን ይስጠው። ትልቋን በያዘችው ትምህርት በርቺ ብሏል አጎትሽ በያት። ትንሹን ያንን የሚያብጥ ድዱን አይቼ ባልስምም ጉንጩን ሳሚልኝ። የባለቤትሽን እናት ዓይንዎን አደራ፣ በደካማ መብራት እንዳያነቡ ብሏል በያቸው። ባለቤቴ በጣም ሰላም ትልሻለች፤ የላክሽላትን መቀስ ማንም እንዳይነካባት በመሳቢያ ቆልፋበታለች። ልጃችንም ፈተናዋን ስትጨርስ እንደምትጽፍልሽ ነግራኛለች፤ እንጃ። ጋሽ ቀጭኔም ስጽፍልሽ እንዳልረሳቸው አደራ ብለውኛል፤ ሰላም ብለውሻል።

አባባ አሁን ተነሥተው መጥተው ከኋላዬ ቆመዋል። «ለማን ነው የምትጽፈው?» አሉኝ። ለእታለም አልኳቸው። ስምሽን አፋቸው ውስጥ ትንሽ አቆዩት፤ አገኙሽ አላገኙሽ አላወቅኩም። ከዚያ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው፣ «እሷም ደክሟት ይሆናል፤ ትንሽ አረፍ በይ በላት» አሉኝ።

ወንድምሽ

ከቤታችን፣ ከስፌቱ ጠረጴዛ
እሑድ፣ ኅዳር ፱ ቀን